የሰርኪት ላብ፣ ግማሹ ክፍል ግማሹ ቤት፦ የአንድ ሴሜስተር የሥራ ማስታወሻ

ከመጀመሩ 4 ሳምንት በፊት

የማስተምረው የሁለተኛ ዓመት የሰርኪት (የኤሌክትሪክ ዑደት) ላብ ነው። ዘንድሮ ሁለት ሴክሽን ደርሶኛል። አንደኛው 24 ተማሪ አለው፤ እንደ ድሮው ላብ ገብቶ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይሠራል። ሁለተኛው 22 ተማሪ፣ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን። ሙከራዎቹ አንድ ይሁኑ፣ ፈተናውም አንድ ይሁን ተብያለሁ። እንዴት የሚለው ለእኔ ተትቷል።

ሦስት መንገድ ታየኝ። ሲሙሌሽን (በኮምፒውተር የተመሰለ ሰርኪት) ብቻ፣ ከርቀት የሚታዘዝ ላብ፣ ወይም ቤታቸው የሚላክ ኪት።

ሲሙሌሽንን መናቅ ቀላል ነው፤ እኔም ስንቀው ኖሬያለሁ። ግን 2005 ላይ ከኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት አለ። በሲሙሌሽን የተለማመዱ የፊዚክስ ተማሪዎች በእውነተኛ ዕቃ ከተለማመዱት በፈተና በለጡ። ጉዱ ደግሞ በኋላ እውነተኛ ሰርኪት ግጠሙና አስረዱ ሲባሉም የተሻሉት እነሱ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ሲሙሌሽን አይጠቅምም ብዬ አልከራከርም።

የእኔ ችግር ሌላ ነው። ሲሙሌሽን ላይ የላላ ሽቦ የለም። የሞተ ባትሪ የለም። የተሳሳተ ሬዚስተር (ከረንት የሚገታ ዕቃ) ከሳጥን አይወጣም። የእኔ ኮርስ ደግሞ ግማሹ "ለምን አልሠራም?" የሚል ነው።

ወሰንኩ። ሲሙሌሽኑ የቅድመ ላብ የቤት ሥራ፣ ኪቱ ዋናው ሥራ፣ የርቀት ላብ ለኦሲሎስኮፕ (ሞገድን በስክሪን ለሚያሳየው መሣሪያ) ብቻ። ኦሲሎስኮፕ በፖስታ አይላክማ።

3 ሳምንት ሲቀረው

የኪቱ ዝርዝር፦ ባለ 830 ቀዳዳ ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ሰርኪት የሚገጠምበት ሰሌዳ)፣ አርዱዊኖ ኡኖ የሚባለው ፕሮግራም የሚደረግ ትንሽ ሰሌዳ (ኮፒው)፣ ርካሽ ዲጂታል መልቲሜትር (ቮልትና ከረንት መለኪያ)፣ ሬዚስተሮች፣ ካፓሲተሮች (ቻርጅ የሚይዙ)፣ ኤልኢዲ፣ ኦፕ አምፕ (ሲግናል የሚያጎላ ቺፕ)፣ ጁምፐር ሽቦ፣ የዩኤስቢ ገመድ። ከወጪው ከግማሽ በላይ የበላው አርዱዊኖውና መልቲሜትሩ ነው። የቀረው ሽርፍራፊ ነው።

አርዱዊኖው ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ 5 ቮልት ይሰጣል። ከዩኤስቢው ጋር ደግሞ 500 ሚሊአምፕ ላይ የሚቆርጥና ሲቀዘቅዝ ራሱን የሚመልስ ፊውዝ አለው፤ ተማሪ ሾርት ቢያደርግ (ፕላስና ማይነሱን በቀጥታ ቢያገናኝ) ላፕቶፑ ይተርፋል ብዬ ነው። ሁለተኛ ቮልቴጅ ይለካል። 10 ቢት ስለሆነ 5 ቮልትን 1024 ቦታ ይከፍለዋል፤ አንዱ ደረጃ 4.9 ሚሊቮልት ገደማ ይሆናል። ለዚህ ኮርስ ይበቃል።

የግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚነካ ሙከራ ሁሉ ወጣ። ብየዳም ወጣ። ቤት ውስጥ ማን አጠገባቸው እንደሚቆም አላውቅም።

ያው 3 ሳምንት፣ ሐሙስ

ጥፋት ሠራሁ። ኦፕ አምፕ ብዬ ያዘዝኩት 741 ነው። ላባችን ውስጥ ለዓመታት የምንጠቀመው እሱ ነው፤ እጄ ለምዶ ጻፈው። ግን ላብ ውስጥ ፕላስና ማይነስ 15 ቮልት አለን። ኪቱ ውስጥ ያለው 5 ቮልት ብቻ ነው። 741 በዚህ አይሠራም። እኔ ደግሞ ሲሙሌሽን ላይ "አይዲያል" (እንከን የለሽ) የሚለውን ኦፕ አምፕ አስገብቼ ሞክሬ፣ ቆንጆ ሠራ ብዬ ተኝቻለሁ። ተማሪዎቼን ከምወቅስበት ጥፋት ውስጥ ራሴ ገባሁበት።

በኤል ኤም 358 ተቀየረ። ይሄኛው በ5 ቮልት ይሠራል። ግን ውስጡ ሁለት ኦፕ አምፕ ነው ያለው፤ የእግሮቹ አቀማመጥም ይለያል። የ741 ውጤት እግር 6 ላይ ነው፤ የዚህ እግር 1 ላይ። ስለዚህ የላብ መመሪያው ሥዕል በሙሉ እንደገና ተሳለ። ሁለት ምሽት ሄደ።

2 ሳምንት ሲቀረው

ማሸግ። አንዱ ኪት 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሃያ ሁለቱ ከ7 ሰዓት በላይ ወሰዱ። ማንም የማይቆጥረው ወጪ ይሄ ነው።

ሁለት ነገር ጨመርኩ። አንደኛ፣ ቀለሟ በቴፕ የተሸፈነ "ምስጢራዊ" ሬዚስተር። በእያንዳንዱ ኪት ውስጥ ዋጋዋ የተለያየ ነው፤ ዝርዝሩ እኔ ጋ አለ። ዳታ ከጓደኛ መገልበጥ ለማስቀረት። ሁለተኛ፣ "እስከ ሳምንት 13 አይከፈት" የሚል ፖስታ። ውስጡ እኔ የበየድኳት ትንሽ ሰርኪት አለች፤ ሆን ብዬ ያበላሸኋት። አንዷ ላይ ቀዝቃዛ (በደንብ ያልያዘ) ብየዳ፣ አንዷ ላይ በ1 ኪሎ ኦም ፋንታ 10 ኪሎ ኦም፣ አንዷ ላይ ሾርት የሆነ ካፓሲተር። የመጨረሻው ፈተና እሷ ናት።

ሳምንት 1

ኦንላይኑ ክፍል ላይ ሰርኪት አልተሠራም። ሙሉውን 2 ሰዓት "ቲቸር፣ ኮምፒውተሩ አያየውም" ስንል ዋልን። ኮፒው አርዱዊኖ ላይ ያለው የዩኤስቢ ቺፕ ሲኤች 340 ነው፤ አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ድራይቨር ለብቻው መጫን አለበት። ሁለት ተማሪዎች ጋ ደግሞ ገመዱ ራሱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ሆኖ ተገኘ፤ የላክሁትን ትተው የራሳቸውን ሰክተው ነበር።

የካሜራ ጣጣም አለ። በፊት ካሜራ ሲያሳዩ፣ እነሱ የሚያዩት ምስል እንደ መስታወት የተገለበጠ ነው፤ እኔ የማየው ደግሞ ቀና ነው። እኔ "ወደ ቀኝ" ስል፣ እነሱ ስክሪናቸውን እያዩ ወደ ግራ ይሄዳሉ። መፍትሔው፦ ስልኩ መጻሕፍት ተደርድሮ ከላይ ይቀመጥ፣ የኋላ ካሜራው ይብራ፣ ብሬድቦርዱ ሥር ነጭ ወረቀት ይነጠፍ። ግራና ቀኝም ቀረ። ብሬድቦርዱ ላይ ቁጥርና ፊደል ታትሟል፤ በቁጥሩ ብቻ እንነጋገራለን።

በአካል ያለው ክፍል በ50 ደቂቃ ጨርሶ ወጣ።

ሳምንት 2

"ቲቸር፣ ኤልኢዲው አይበራም።"

ላብ ውስጥ ቢሆን ይሄ 5 ሰከንድ ነው። ሄጄ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ሽቦውን ነቅዬ እሰካለሁ። በራ። ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ። እዚህ ግን እጄ ስክሪኑን አያልፍም።

"እሺ። መልቲሜትሩን ቮልት ላይ አድርጊው። ጥቁሩን ግራውንድ (ዜሮ ቮልቱ) ላይ ያዢ። የመልቲሜትሩ ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ ስለማይገባ ቁራጭ ሽቦ ሰክተሽ እሷን ንኪ። ከቀዩ መስመር መጀመሪያ ጀምሪ።"

"4.9።"

"አሁን በዚያው መስመር ወደ 60 ቁጥር እየሄድሽ፣ አምስት አምስት ቀዳዳ እየዘለልሽ ንኪ።"

"4.9። 4.9። 4.9። 4.9።" ቆየት ብላ፣ "ዜሮ።" ከዚያ ዝም። "ቲቸር፣ መስመሩ አንድ አይደለም እንዴ?"

አይደለም። አንዳንድ ረጅም ብሬድቦርዶች ላይ የፓወር መስመሩ መሃል ላይ ይቆረጣል። የታተመው ቀይ መስመርም እዚያው ጋ ክፍተት አለው፤ ግን ማንም አያየውም። መመሪያው ላይ አልጻፍኩትም። 22ቱም ብሬድቦርዶች እንዲህ ናቸው።

11 ደቂቃ ፈጀ። ከዚህ ውስጥ ዘጠኙን ሌሎቹ ቁጭ ብለው ሲያዩ ነው የዋሉት፤ እኔም ሳልሳቀቅ አልቀረሁም። ማታ ላይ ግን ሌላ ተማሪ ያንኑ ጥያቄ ግሩፑ ላይ ጻፈ። እኔ ሳልደርስ እሷ መለሰችለት። "እየነካህ ሂድ፣ ዜሮ የሚልህ ቦታ ነው የተቆረጠው" ብላ።

ሳምንት 3

የሴሜስተሩ ምርጥ ላብ ይሄ ነው፤ በአጋጣሚ።

ሙከራው ቀላል ነው። ሁለት እኩል ሬዚስተር፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜጋ ኦም፣ ተከታትለው 5 ቮልት ላይ። መሃላቸው ላይ ያለውን ቮልቴጅ ለኩ። ሲሙሌሽኑ 2.5 ይላል። ወረቀትም 2.5 ይላል።

በአካል ያሉት ለኩ፤ 2.38 አገኙ። ሪፖርታቸው ላይ "የሬዚስተር ቶለራንስ" (ከተጻፈበት ዋጋ ትንሽ መለየቱ) ብለው ጽፈው ወጡ። ሁሉም። እንደ ዓምናው፣ እንደ ካቻምናው።

ኦንላይኖቹ ጋ ጉድ ፈላ። ገሚሱ 2.4 አካባቢ አገኘ። ገሚሱ 1.67 አካባቢ። ግሩፑ ተተራመሰ። "የላከልን ሬዚስተር የተበላሸ ነው።" "ያንተ ባትሪ አልቋል።" አንዱ ሬዚስተሩን ሦስት ጊዜ ቀያይሮ ያው 1.67 ሲመጣበት ተናዶ ፎቶ ላከ።

መልቲሜትሮቹን ከሁለት ቦታ ነው የገዛኋቸው፤ አንድ ዓይነት አልበቃ ብሎ። የስምንቱ የውስጥ ሬዚስታንስ 10 ሜጋ ኦም ነው። የአስራ አራቱ፣ የርካሾቹ፣ 1 ሜጋ ኦም ብቻ ነው። ሲለኩ መልቲሜትሩ ራሱ ከታችኛው ሬዚስተር ጎን ለጎን ይገባል። 1 ሜጋ ከ1 ሜጋ ጎን ሲገባ ግማሽ ሜጋ ይሆናል። 5 ቮልቱ ለ1 እና ለግማሽ ሲካፈል 1.67 ነው። 10 ሜጋ ሲሆን ደግሞ 2.38 ይመጣል።

አልነገርኳቸውም። እንዲህ ብዬ ብቻ ጻፍኩ፦ "ሁላችሁም ትክክል ናችሁ። ማን ምን ዓይነት መልቲሜትር እንደያዘ ፎቶ አንሡና ደርድሩት።" በ40 ደቂቃ ውስጥ ቢጫው 1.67፣ ጥቁሩ 2.38 እንደሚል ደረሱበት። በማግስቱ ሦስቱ የመልቲሜትሩን የውስጥ ሬዚስታንስ አስልተው ላኩልኝ። ይሄን ማንም አላዘዛቸውም።

እኔ ላብ ውስጥ ሁሉም ጠረጴዛ ላይ አንድ ዓይነት ጥሩ መልቲሜትር አስቀምጬ፣ ይህን ጥያቄ ከዓመት ዓመት ስሸፍነው ኖሬያለሁ። በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ሁለት ቢጫ መልቲሜትር ይዤ ላብ ገባሁ።

ሳምንት 4

የካፓሲተር መሙላት። ላብ ውስጥ በ1 ኪሎ ኦምና በ100 ናኖፋራድ እንሠራዋለን፤ የጊዜ ቋሚው (የመሙላት ፍጥነቱ መለኪያ) 0.1 ሚሊሰከንድ ነው፤ ኦሲሎስኮፕ ይይዘዋል። አርዱዊኖ በተለመደው ፍጥነቱ በሰከንድ 9,600 ጊዜ ገደማ ብቻ ስለሚያነብ ይሄ ያመልጠዋል። ስለዚህ 10 ኪሎ ኦምና 100 ማይክሮፋራድ አደረግኩት። ቋሚው 1 ሰከንድ ሆነ። መልቲሜትሩ ላይ ቁጥሩ ሲወጣ በዓይን ይታያል። ወደድኩት። ለበአካሉም ክፍል መግቢያ አደረግኩት።

አንድ ካፓሲተር በተቃራኒ ተሰክቶ ሞተ። ሰው አልተጎዳም።

ሳምንት 5

ሁለት ነገር ወደቀ።

የመጀመሪያው የሲግናል ጀነሬተር ዕቅዴ ነው። ስልካቸው ላይ የድምፅ ጀነሬተር አፕ ጭነው፣ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ሲግናል ያወጣሉ ብዬ ገመድ ሁሉ ቆርጬ አዘጋጅቻለሁ። ጥያቄውን የጠየቅሁት ከላክሁ በኋላ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስልካቸው ያ ቀዳዳ የለውም። ልፋቴን ውሃ በላው። ምትኩ፦ የአርዱዊኖው ፒደብሊውኤም (ቶሎ ቶሎ የሚበራና የሚጠፋ ሲግናል)። አብዛኛው ፒን ላይ 490 ኸርዝ ነው። ካሬ ሞገድ ነው እንጂ ለስላሳው ሳይን አይደለም፤ ግን በ10 ኪሎ ኦምና በ10 ማይክሮፋራድ ሲጣራ የሚስተካከል ዲሲ (ቋሚ ቮልቴጅ) ይሆናል። ለሳምንት 9 ጠቀመ።

ሁለተኛው ፊውዝ። ከረንት ለመለካት መልቲሜትሩ በሰርኪቱ መሃል መግባት አለበት። ሰባቱ ፓወሩ ላይ በቀጥታ አገናኙት፤ 200 ሚሊአምፑ ፊውዝ ሄደ። ክፋቱ፣ ፊውዙ ሲቃጠል ቮልት መለካቱን ይቀጥላል፤ ከረንት ብቻ ዜሮ ይላል። ስለዚህ አራት ሪፖርት ላይ "ከረንቱ 0.00 ሚሊአምፕ ነው" የሚል ውጤት መጣልኝ፤ መልቲሜትሩ ሳይገባ በተነሳው ፎቶ ላይ ኤልኢዲው ቦግ ብሎ በርቶ። መለዋወጫ ፊውዝ አልላክሁም። ሌላ ፖስታ፣ ሌላ ሳምንት።

የላብ ቴክኒሻናችንን እንዲሁ ጠየቅኳቸው፤ "እዚህስ ይቃጠላል?" ሳቁብኝ። "በየሳምንቱ ነው የምቀይረው" አሉ። "እናንተ ከመግባታችሁ በፊት።" ለ6 ዓመት ሳስተምር አላውቅም ነበር። ተማሪዎቹም አያውቁም፤ መልቲሜትሩ ለእነሱ ሁልጊዜ ይሠራል።

ሳምንት 6

ከዚህ በኋላ በአካል ላለው ክፍል አዲስ ደንብ አወጣሁ። እኔና ሁለቱ ላብ አሲስታንቶች የተማሪ ሰርኪት አንነካም። እጅ ወደ ኋላ። መናገር ይቻላል፣ መጠየቅ ይቻላል፣ መንካት የለም።

ከባድ ነው። ጥቁሯ ሽቦ አንድ ቀዳዳ እንደሳተች እያየሁ 6 ደቂቃ ቆምኩ። አንዱ አሲስታንት ረስቶ እጁን ሲሰድ ያዝኩት። ተማሪዎቹም አጉረመረሙ፤ "ታዲያ እናንተ ለምን መጣችሁ?" ያለም አለ። በዚያ ቀን ከ12ቱ ጥንድ 5ቱ አልጨረሱም። በኦንላይኑም ክፍል የማይጨርሱት ቁጥር ያህል ነው። በፊት የማይገናኙ ሁለት ክፍሎች ነበሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመሳሰሉ።

ሳምንት 8

የርቀት ኦሲሎስኮፕ። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ኤምአይቲ 1998 ላይ ተማሪዎች የትራንዚስተርን ባሕርይ በኢንተርኔት እንዲለኩ የሚያደርግ ላብ ጀምሯል። የእኔው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። አንድ ኦሲሎስኮፕ በኔትወርክ ገመድ፣ አንድ ራስፕቤሪ ፓይ (ትንሽ ኮምፒውተር)፣ ባለ 8 ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ሰሌዳ፣ አንድ ካሜራ። ተማሪው ከድረ ገጽ ሬዚስተርና ካፓሲተር ሲመርጥ ሪሌው ያገናኛል። ለጥንድ 15 ደቂቃ።

መጀመሪያ ቀን ቅሬታው አንድ ነበር፦ "ሲሙሌሽን ነው የሚመስለው።" ቪዲዮው ወደ 2 ሰከንድ ይዘገያል፤ ሪሌ ደግሞ ሲዘጋ አይታይም። አንዱ ተማሪ "እውነት የሆነ ነገር መንቀሳቀሱን በምን አውቃለሁ?" አለኝ። ልክ ነው። ሪሌው አጠገብ ማይክሮፎን አስቀመጥኩ። አሁን ሲመርጡ "ቀጭ" ይላል። ከጠቅላላው ሥራ ሁሉ ርካሿና ቀላሏ ጭማሪ እሷ ናት፤ ቅሬታውም ቆመ።

"አውቶ" የሚለውን ቁልፍ ከድረ ገጹ አወጣሁት። ትሪገሩን (ሞገዱን ስክሪኑ ላይ የሚያቆመውን) ራሳቸው ካላስተካከሉ ሞገዱ ይንሸራተታል። እውነቱን ለመናገር ግን በዚህ ላብ ኦንላይኖቹ ተጎድተዋል። 15 ደቂቃ ሞገድ እያንሸራተቱ ለመጫወት አይበቃም። ኦሲሎስኮፕ ቁልፉን እያዞሩ፣ እያበላሹ፣ እየመለሱ ነው የሚለመደው። በአካል ያሉት 2 ሰዓት ሙሉ አላቸው።

ሳምንት 9

ኦፕ አምፕ። ጌይኑ 11፣ ማለትም የገባውን 11 እጥፍ ያደርጋል። 0.3 ቮልት ሲገባ 3.3 ወጣ፤ ደስ አላቸው። 0.4 ሲገባ 4.4 መጠበቅ ነው፤ 3.5 አካባቢ ላይ ቆመ። ኤል ኤም 358 ከሚሰጠው ፓወር 1.5 ቮልት ያህል ዝቅ ብሎ ነው የሚያቆመው። አስቀድሜ አልነገርኩም። ይህን ጊዜ ማንም "ተበላሽቷል" አላለም። አንዱ ዳታሺቱን (የአምራቹን መግለጫ) ከፍቶ መስመሩን በቢጫ አቅልሞ ላከ።

ሌላው ደግሞ ስሌቱ ሁሉ 5 በመቶ እየሳተ ተቸግሮ ነበር። ላፕቶፑ 4.74 ቮልት ነው የሚሰጠው፤ እሱ 5.00 ብሎ ያሰላል። አርዱዊኖው የሚለካው ከዚያው ከዩኤስቢው ጋር እያነጻጸረ ነው። በመልቲሜትር ለክቶ ራሱ አገኘው።

ሳምንት 13

ፈተና። ፖስታው ተከፈተ። (ሦስቱ ቀድመው ከፍተውታል፤ ቴፑ ያስታውቃል። ሌላ ሰርኪት ላክሁላቸው።) በአካል ያሉትም ያቺኑ ዓይነት ሰርኪት ጠረጴዛቸው ላይ አገኙ።

ኦንላይን ከ22ቱ 17ቱ ጥፋቱን አገኙ። በአካል ከ24ቱ 18ቱ። እዚህ ቁጥር ላይ ተነስቶ ይሄ ከዚያ ይሻላል የሚል ካለ አትስሙት። እኔ ያየሁት አጀማመራቸውን ነው። ኦንላይኖቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም በመጀመሪያ ፓወሩን ለኩ፤ ከዚያ መሃሉን። በአካል ካሉት ደንቡ ከወጣ በኋላም ዘጠኙ በ3 ደቂቃ ውስጥ እጃቸውን አወጡ። የኦሲሎስኮፕ ጥያቄው ላይ ደግሞ በአካል ያሉት በሰፊው በለጡ። ሽቦ አሰካካቸውም ንጹሕ ነው። የኦንላይኖቹን ፎቶ ሳይ ወፍ የሠራው ጎጆ ነው የታየኝ።

የቀጣዩ ዕቅድ፦ ከሳምንት 1 እስከ 5 ለሁሉም ኪት፣ ቤት። ከ6 በኋላ የሚችል ሁሉ ላብ ገብቶ ኦሲሎስኮፕ። የእጅ ወደ ኋላ ደንቡ ከመጀመሪያው ቀን።

ሳምንት 15

ኪቶቹ እየተመለሱ ነው። እስካሁን 20። ሁለት አርዱዊኖ ሞቷል፣ አንድ መልቲሜትር ሽቦ ሲገናኝ መደወሉን አቁሟል፣ ጁምፐር ሽቦ ግማሹ የለም።

የዚያች የሳምንት 2 ተማሪ ብሬድቦርድ ላይ ሁለቱ የተቆረጡ መስመሮች በአጭር ሽቦ ተገናኝተዋል። በቴፕ አጣብቃ በእስክሪብቶ "እዚህ ጋ ተቆርጧል" ብላ ጽፋበታለች። ሳላነሳው ወደ ሳጥኑ መለስኩት፤ ለማን እንደሚደርስ አላውቅም።

የሚገዛ፦ ፊውዝ 60፣ ለእያንዳንዱ ኪት ሁለት ሁለት፣ ከቀረው ለቴክኒሻኑ። ጁምፐር ሽቦ። የዩኤስቢ ገመድ፣ ቀይ ቴፕ የተጠቀለለበት። መልቲሜትር አንድ ዓይነት አይገዛም፤ ግማሹ 1 ሜጋ ኦም፣ ግማሹ 10።